ሲሸት ጣፋጭ፣ ሲዋጥ ደረቅ፦ ጠይሙን የቤልጂየም ቢራ መመዘን

የዚህ ቢራ ዳኝነት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጠርሙሱ ሳይከፈት ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዳ ሽታው ይታፈናል፣ ጋዙ ምላስ ይወጋል፣ ከጣዕሙም መራራው ብቻ ጎልቶ ይቀራል። ቀማሹም «ያ ሁሉ የሚወራለት ይሄ ነው?» ይላል። በ20 ዲግሪ ከተቀዳ ደግሞ አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫውን ይሞላውና ሌላው ሁሉ ከኋላ ይቀራል። ሁለቱም ፍርዶች የሙቀቱ እንጂ የቢራው አይደሉም።

መነሻው 10 ዲግሪ፣ መድረሻው 15 ዲግሪ ይሁን። 4 ዲግሪ ላይ ያለ ባለ 33 ሴንቲሊትር ጠርሙስ፣ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 10 ዲግሪ ለመድረስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስድበታል። ባይቸኩሉ ጥሩ ነው፤ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ዳሩን አሙቆ መሐሉን ቀዝቃዛ ይተወዋል፣ ጋዙንም ያስቆጣዋል። ከተቀዳ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሞቅ አንዱን ቢራ በ10፣ በ12 እና በ15 ዲግሪ ሦስት ጊዜ መቅመስ ይቻላል። በአንዱ ብቻ የሚጥም ከሆነ ሚዛኑ ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

የምናወራው በቤልጂየም ገዳማት አጠማመቅ ውስጥ ከባድ ስለሚባለው ጠይም ቢራ ነው። ብዙዎች ኳድሩፔል ይሉታል። ይህ ስም ግን የተለመደው ከቤልጂየም ውጭ ነው፤ ኔዘርላንድ የሚገኘው የኮኒንግስሁቨን ገዳም እ.ኤ.አ. በ1991 ላ ትራፕ ኳድሩፔልን ካወጣ በኋላ ተስፋፋ። ቤልጂየም ውስጥ ቢራዎቹ በቁጥር ወይም በቆርኪና በመለያ ቀለም ነው የሚጠሩት፦ ሮሽፎር 10፣ ቬስትፍሌተረን 12፣ ሲንት በርናርዱስ አብት 12፣ ሰማያዊው ሺሜ። ቁጥሩ የአልኮል መጠን የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። መነሻው የድሮው የቤልጂየም የእፍግታ መለኪያ ነው፤ እፍግታው (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.060 የሆነ ገና ያልቦካ የብቅል ጭማቂ «6»፣ 1.080 የሆነው «8» ይባል ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ከእፍግታው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ስም ሆኖ ቀርቷል። የአልኮሉን መጠን ከፈለጋችሁ ሮሽፎር 10 በመቶ 11.3 ነው፣ ቬስትፍሌተረን 12 ደግሞ 10.2፣ አብት 12 እና ላ ትራፕ ኳድሩፔል 10፣ ሰማያዊው ሺሜ 9።

«ትራፒስት» የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ስም እንጂ የጣዕም ስም እንዳልሆነም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የትራፒስት ማኅበር ባለ ስድስት ጎን ምልክቱን የሚሰጠው ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ፣ በመነኮሳቱ ወይም በእነሱ ቁጥጥር ሲጠመቅና ገቢው ለገዳሙ ኑሮና ለበጎ አድራጎት ሲውል ነው። ቀላ ያለውና የሚመረው ኦርቫልም፣ ወርቃማው የቬስትማለ ትሪፕልም ትራፒስት ናቸው። በአንጻሩ ዋቱ በተባለች የቤልጂየም መንደር የሚጠመቀው አብት 12 ትራፒስት አይደለም፣ ለዚህ ዓይነት ቢራ ግን ከምርጥ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ምልክቱ የሚነግራችሁ ማን እንደጠመቀውና ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ነው፤ ጥራቱን አፍ ይፍረድ።

የጣፋጩና የደረቁ ሒሳብ

ይህን ቢራ ከሌላው ከባድ ቢራ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ሲሸት ጣፋጭ ነው፣ ሲዋጥ ግን ደረቅ። ደረቅ ማለት ስኳሩ በእርሾው ተበልቶ ስላለቀ ከዋጡት በኋላ አፍ ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም ማለት ነው። አፍንጫ ዘቢብና የተቃጠለ ስኳር ሲያሸት ምላስ ሽሮፕ ይጠብቃል፤ ሽሮፑ ሳይመጣ ሲቀር ሌላ ጉንጭ ያምራል። በመቶ 10 አልኮል ያለው ነገር እንደ ቀላል መጠጥ የሚወርደው በዚህ ነው፤ አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ በቁጥር ይታያል። ጭማቂው በ1.090 ጀምሮ በ1.014 ቢቆም፣ ልዩነቱ 0.076 ጠማቂዎች በሚጠቀሙበት ማባዣ፣ በ131.25፣ ሲባዛ በመቶ 10 ገደማ አልኮል ይሰጣል፤ እርሾው ከመነሻው እፍግታ 84 በመቶውን በልቶታል። ያው 1.090 በ1.030 ላይ ቢቆም ግን አልኮሉ በመቶ 7.9 ነው፤ የተበላው 67 በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው አፍ ላይ ሙጫ ይሆናል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። በአፍንጫም ያሳስታሉ፤ ሲዋጡ ነው የሚለዩት።

ድርቀቱ የሚመጣው ከስኳሩ መሆኑ ግራ ያጋባል። ጠማቂዎቹ ከሚቦካው ነገር ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ከብቅል ሳይሆን ከስኳር ያመጡታል፤ ለቀለሙም የተቃጠለ የካንዲ ሽሮፕ ይጨምራሉ። ተራው ስኳር ሙሉ በሙሉ ስለሚቦካ አልኮል እንጂ ጣፋጭ አይተውም። ሽሮፑ ደግሞ የዘቢብ፣ የደረቀ ፕሪም፣ የሩምና የካራሜል ሽታ ትቶ ይሄዳል። ያው ቀለም በተቆላ ብቅል ቢመጣ ግን የቡናና የአመድ ጣዕም ይዞ ይመጣል። ጠይሙን ቢራ ጥቁር ለማድረግ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ማሰናዳት

ጠርሙሱ ቢያንስ 24 ሰዓት ቆሞ ይቆይ። ተኝቶ የከረመ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ዝቃጩ ከጎኑ ተንሸራቶ ታች እስኪቀመጥ።

ብርጭቆው አፉ ሰፋ ያለ ዋንጫ ወይም ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበ ይሁን። ለመመዘን ሁለተኛው ይሻላል፣ ሽታውን ይሰበስባልና፤ ዋንጫው ለመጠጣት ነው። መጠኑ ግን ችላ የሚባል አይደለም። እነዚህ ቢራዎች ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ስለሚቦኩ የጋዛቸው መጠን ከራሳቸው ከሦስት እጥፍ ሊያልፍ ይችላል፤ በ3.5 እጥፍ ሲሰላ ከ33 ሴንቲሊትር ቢራ ውስጥ ከ1.1 ሊትር በላይ ጋዝ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ብርጭቆው ከ45 እስከ 50 ሴንቲሊትር ይያዝ። ትንሽ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ መቅዳትን ያስገድዳል፣ ሁለት ጊዜ መቅዳት ዝቃጩን ያነሳል።

የብርጭቆ ንጽሕና ላይ ያለው ነገር ተራ ይመስላል፣ ግን ግማሹ «አረፋ የለውም» የሚል ወቀሳ ከዚህ ይወጣል። ቅባት አረፋን ይገድላል፤ የሳሙና ቅሪትም እንደዚያው። ሲታጠብ በደንብ ይለቅለቅ፣ በፎጣ ሳይሆን ተደፍቶ ይድረቅ። ለማረጋገጥ ውስጡን በውሃ አርጥቡና ድፉት፦ ውሃው እኩል ቀጭን ሽፋን ሆኖ ከወረደ ንጹሕ ነው፣ እዚህም እዚያም በጠብታ ከተበጣጠሰ ቅባት አለ። ከመቅዳታችሁ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት።

ሲቀዳ ብርጭቆው ወደ 45 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ቀና ይበል፣ ያኔ አረፋው ይነሳል። ትልቁ ምሥጢር ግን ከብርጭቆው ሳይሆን ከጠርሙሱ ነው፦ አንዴ ካዘነበላችሁት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ መልሳችሁ አታቁሙት። ጠርሙሱ በቆመ ቁጥር ቢራው ወደ ኋላ ተመልሶ የታችኛውን እርሾ ያማስለዋል። ባለ 75 ሴንቲሊትሩን ለብዙ ሰው ስትቀዱ ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን ደርድሩና ጠርሙሱን ሳታቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻግሩት።

የቀረችውን ዝቃጭ አትድፏት። ለሦስተኛው ቅምሻ ትጠቅማለች።

አፍንጫ ከዓይን ይቅደም

ቀለሙ የትም አይሄድም፣ ሽታው ግን ይሄዳል። ከአረፋው ጋር አብረው የሚወጡት ቀላሎቹ ሽታዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ይሳሳሉ። መጀመሪያ ብርጭቆውን ከአፍንጫችሁ በአንድ ስንዝር ርቀት አሳልፉ። ቀጥሎ አፉ ላይ ሁለት ሦስት አጫጭር ሳብታ። ከዚያ አንድ ረጅም። በመጨረሻ በመዳፋችሁ ክደኑትና አሽከርክራችሁ ክፈቱት። ከአራተኛው በኋላ አፍንጫ ይደክማል፣ የራሳችሁን እጅጌ አሽትታችሁ ትንሽ አሳርፉት።

«ምን ምን ይሸታል?» ብሎ መጀመር ባዶ እጅ ያስቀራል። ይልቅ ሽታው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከስኳሩና ከብቅሉ የሚመጣው ዘቢብ፣ ቴምር፣ የደረቀ የበለስ ፍሬ፣ የደረቀ ፕሪም፣ ካራሜል፣ የዳቦ ቅርፊት ነው። ከእርሾው ሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ፍሬ ፍሬ የሚሸተው ውህድ፣ ኤስተር ነው፤ ሙዝ የሚሸተው አይሶአሚል አሴቴት የተባለው ነው፣ ፒርና ፖም የሚያስታውሱም አሉ። ሁለተኛው ቅመም ቅመም የሚሸተው ውህድ፣ ፌኖል ነው፤ የቅርንፉዱ ሽታ ከ4-ቪኒል ጓያኮል ይመጣል፣ እርሾው ብቅል ውስጥ ካለው ፌሩሊክ አሲድ ይሠራዋል። ማንም ቅርንፉድ አልጨመረም። ሦስተኛው ምንጭ አልኮሉ ራሱ ነው፤ ጽጌረዳ የሚመስል ለስላሳ ሙቀት ከሆነ ደግ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነ ክፉ። ለቢራ መራራነት የሚሰጠው አበባ፣ ሆፕ፣ እዚህ ብዙ ድርሻ የለውም፣ ቢሸት በጥቂቱ ነው።

ሽታን በስም መጥራት የማይቀናው ሰው አፍንጫው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ማነጻጸሪያ ስለሌለው ነው። ዘቢብ፣ የደረቀ ፕሪምና ቴምር በየትንሽ ሳህኑ ቀጥቅጣችሁ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፏቸው፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድም በሌላ ብርጭቆ። ከቢራው አጠገብ ተራ በተራ ስታሸትቱ «አንድ ዓይነት ጣፋጭ ፍሬ» ያላችሁት ፕሪም ወይም ቴምር ሆኖ ይለያል።

ዓይን አጭር ሥራ ነው ያለው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሡና ዳሩን ተመልከቱ፤ ቀይ ዕንቁ የሚመስል ቀላ ያለ ጠይም መሆን አለበት። በአሜሪካ የቀለም መለኪያ ከ12 እስከ 22 ኤስአርኤም ማለት ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ከሆነ የተቆላ ብቅል ገብቷልና ምላስ ላይ አመድ ጠብቁ። አረፋው ወፍራም፣ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ብርጭቆው ላይ ዳንቴል እየተወ ይወርዳል። ብዙ አልኮል አረፋን ያዳክማል፤ ያንን የሚያካክሰው የጋዙ ብዛት ነው።

ምላስና ጉሮሮ

የመጀመሪያውን ጉንጭ ለፍርድ አትጠቀሙበት፤ አፍን ለማላመድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት፣ ዋጡት፣ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫችሁ አየር አውጡ። ብዙው «ጣዕም» የምንለው ያኔ ነው የሚመጣው። መራራ በምላስ ሥር፣ ጣፋጭ በጫፉ ይታወቃል የሚለውን የድሮ ሥዕል እርሱት፤ ምላስ ሁሉንም በሁሉም ቦታ ያውቃል። መትፋት ግን አይሠራም፤ የዚህ ቢራ ዋናው ጥያቄ ከዋጡ በኋላ የሚቀረው ነውና።

እዚያ ላይ ቆዩ። ዋጡና ከንፈራችሁን ገጥማችሁ አላቅቁት። ከተጣበቀ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተኝቷል። ካልተጣበቀ ደግሞ ጣፋጩ ለምን ያህል ሰከንድ እንደሚቆይና በምን እንደሚተካ ልብ በሉ። በጥሩዎቹ ላይ ጣፋጩ ቶሎ ይሸሽና የቁንዶ በርበሬና የቅርንፉድ ቃና፣ የተጋገረ ዳቦና ጥቂት መራራ ይተካዋል። መራርነቱ በቢራ የመራራነት መለኪያ (አይቢዩ) ከ20 እስከ 35 ብቻ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ከባድ ጭማቂ ትንሽ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ከሆፕ ይልቅ ድርቀቱ፣ ጋዙና ፌኖሉ በጋራ ነው።

ጋዙ ግን ውሸታምም ነው። ትንሽ ቢራ በሌላ ብርጭቆ ቀድታችሁ ጋዙ እስኪወጣ በደንብ አሽከርክሩትና እንደገና ቅመሱ። አረፋውን ያጣው ቢራ ድንገት ሽሮፕ ከሆነ፣ ቀድሞ «ደረቅ» ያላችሁት የጋዝ ንክሻ ነበር። በእውነት የደረቀ ቢራ ጋዙ ወጥቶም ጨዋ ነው።

የአልኮሉ ሙቀት የሚፈረደው በቦታው ነው። ደረት ላይ ቀስ ብሎ ከተሰማ ጥሩ፤ ጉሮሮን ከቧጠጠና የምላስን ጎን ካቃጠለ ጥፋት ነው። በመቶ 11.3 የሆነው ሮሽፎር 10 ጉሮሮ ሳያቃጥል ሲወርድ፣ በመቶ 8 ሆኖ እንደ እሳት የሚያቃጥል ቢራ ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም።

ሦስተኛው ቅምሻ፦ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ሲቀር ያስተረፋችሁትን ዝቃጭ ጨምሩ። ቢራው ይደፈርሳል፣ የዳቦ ሊጥ ጣዕም ይመጣል፣ ይወፍራል፣ ፍሬው ይደበዝዛል። ከድፍርሱ የጠራው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ተቃራኒውን የሚሉም ብዙ ናቸው። ይህን ግን በምርጫ እንጂ በነጥብ አትዳኙት።

ሲበላሽ ምን ይሆናል፣ ለምን

በጣም የሚደጋገመው ማቃጠሉ ነው። ሁለት ነገሮች ናቸው፣ ሰው ግን ያምታታቸዋል። አሴቶን የሚሸተው ኤቲል አሴቴት ሲሆን በአፍንጫ ይታወቃል፤ ጉሮሮ የሚቧጥጠው ደግሞ ፊውዝል የተባለው ከባድ የአልኮል ዓይነት ነው። የሁለቱም ምክንያት የተቀራረበ ነው፦ እርሾው ትንሽ ነበር፣ ኦክስጅን አላገኘም፣ ወይም መቦካቱ ገና ከመጀመሪያው በሙቀት ተጀመረ። አንዳንድ የቤልጂየም ጠማቂዎች ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ጀምረው ቢራው ራሱ እየሞቀ ከ25 እንዲያልፍ ይለቁታል። ሙቀቱ መጨረሻ ላይ ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ላይ ነው የሚጎዳው። ፊውዝል ቢራው ስለቆየ ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ጊዜውን ነው የሚያባክነው።

ሁለተኛው የሚጣበቀው ጣፋጭ ነው። እርሾው ከመድረሻው በፊት ቆሟል፦ መጨረሻ ላይ ቀዝቅዞበት፣ ወይም ስኳሩ በሙሉ ገና በመጀመሪያ ተጨምሮለት። ቀላሉን ስኳር ያገኘ እርሾ የብቅሉን ዋና ስኳር፣ ማልቶስን፣ መብላት ይሰንፋል፤ ስለዚህ ስኳሩን መቦካቱ ከተጋጋለ በኋላ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መጨመር ይሻላል። ብዙ የካራሜል ብቅል ማስገባትም ያው ነው። የካራሜል ሽታ ለማግኘት ተብሎ የማይቦካ ስኳር ይገባል።

የፕላስተርና የሆስፒታል ሽታ ከቅርንፉድ ጋር ይምታታል። ቅርንፉድ ሞቅ ያለና ጣፋጭነት ያለው ነው፤ ያኛው ስል ነው፣ ከዋጡት በኋላም እየባሰ ይሄዳል። ክሎሮፌኖል ነው፣ ክሎሪን ያለበት ውሃ ወይም በደንብ ያልታጠበ ማጽጃ ያመጣዋል። እጅግ በትንሽ መጠን ስለሚሸት መላ የለውም፣ ይደፋ።

አረንጓዴ ፖም፣ ገና ያልበሰለው ዓይነት፣ አሴታልዲሃይድ ነው፤ ቢራው ከእርሾው ቶሎ ተለይቷል። ቅቤና ምላስ ላይ የሚያንሸራትት ነገር ዳያሴቲል ነው፤ ብርጭቆውን በእጃችሁ ስታሞቁት ይጎላል። መኮምጠጥ የተህዋስያን ሥራ ነው፤ ሲከፈት የሚገነፍል ጠርሙስና አንገቱ ውስጥ የሚታይ ቀለበት ብዙ ጊዜ አብረውት ይመጣሉ። የሚከረፋ ሽታ ካለው ብርሃን አግኝቶታል፤ ቡናማ ጠርሙስ ይከላከላል እንጂ አያድንም።

ጋዝ የሌለው ጠርሙስ የብዙ የቤት ጠማቂዎች ራስ ምታት ነው። በመቶ 10 አልኮል ውስጥ የደከመ እርሾ እንደገና እንዲሠራ መጠበቅ ግፍ ነው፤ ለዚህ ነው ጠርሙስ ሲሞላ ትኩስ እርሾ የሚጨመረው፣ ጠርሙሱም ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ሁለት ሳምንት ገደማ የሚቀመጠው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሊትር 4 ግራም ስኳር 2 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፣ ይህም አንድ እጥፍ ጋዝ ነው። በ20 ዲግሪ የቦካ ቢራ ውስጥ ቀድሞውኑ 0.85 እጥፍ ያህል አለ፤ 3 እጥፍ ለመድረስ በሊትር 8.5 ግራም አካባቢ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወፍራም ጠርሙስ ይፈለግ፣ ስሱ ጠርሙስ ይፈነዳል።

ነጥብ መስጠት

የቢራ ዳኞችን የሚያሰለጥነውና የሚፈትነው ቢጄሲፒ የተባለው ፕሮግራም በ2021 መመሪያው ይህን ቢራ በ26ኛው ምድብ፣ በገዳም ቢራዎች ሥር አስቀምጦታል። መነሻ እፍግታው ከ1.075 እስከ 1.110፣ መድረሻው ከ1.010 እስከ 1.024፣ አልኮሉ በመቶ ከ8 እስከ 12 ነው። ነጥቡ ከ50 ይሰጣል፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ላይ ለሚሰማው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ 10። መልክ 3 ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ውብ አረፋ ያየ ዳኛ ሳያስበው በጣዕሙም ላይ ይቸራል። ከ45 ጀምሮ ድንቅ፣ ከ38 እስከ 44 እጅግ ጥሩ፣ ከ30 እስከ 37 በጣም ጥሩ፣ ከ21 እስከ 29 ጥሩ ይባላል፤ ከ14 በታች የሆነው ችግር ያለበት ነው።

ማስታወሻው ላይ «ጥሩ» እና «ለስላሳ» የሚሉ ቃላት ከሳምንት በኋላ ሲነበቡ ምንም አይነግሯችሁም። ነገሩን፣ ጥንካሬውንና የመጣበትን ጊዜ ጻፉ፦ «ዘቢብ መካከለኛ፣ ከመጀመሪያው፤ ቅርንፉድ ዝቅተኛ፣ ከዋጡት በኋላ፤ ጣፋጩ በ4 ሰከንድ ሄደ፤ በ15 ዲግሪ አልኮሉ ገፋ»። ሙቀቱንና ቆርኪው ወይም መለያው ላይ ያለውን ቀን ሳትጽፉ አትለፉ።

ሲነጻጸር ነው ሁሉም የሚገለጠው። ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ 8 ሴንቲሊትር ይበቃል፤ አራት ቢራ በመቶ 10 አካባቢ ሲሆን 25 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው፣ አንድ ሙሉ ባለ 33 ሴንቲሊትር ጠርሙስ ከሚሰጠው ጋር እኩል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ነጥብ ለወረቀት ማበላሻ ነው። ቀለል ካለው ጀምሩ፦ ሰማያዊው ሺሜ በደረቅነቱና በቅመም ቃናው ይከፍታል፣ አብት 12 ዘቢቡንና ካራሜሉን ያመጣል፣ ላ ትራፕ ኳድሩፔል ከእነሱ ይልቅ ወደ ጣፋጭ ያደላል፣ ሮሽፎር 10 በቸኮሌቱና በበለስ ፍሬው ይዘጋል። በመሐል ውሃና ምንም ያልተቀባ ዳቦ። አይብና ቸኮሌት ከዳኝነቱ በኋላ ይምጡ።

ቬስትፍሌተረን 12 ላይ ስሙ ብቻውን አምስት ነጥብ ይጨምራል፤ ዓይን ሳያይ መቅመስ የሚጠቅመው ለእሱ ነው። የዋቱው ጠማቂ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1992 የቬስትፍሌተረንን ቢራ በፈቃድ ይጠምቅ ስለነበር አብት 12 ጥሩ ተፎካካሪው ነው። ሌላ ሰው በሦስት ብርጭቆ ይቅዳላችሁ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፤ የተለየውን አውጡ። በግምት የመምታት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ስድስት ጊዜ ሞክራችሁ አራቴ ብትመቱ ገና አላሳመናችሁም፤ በዕድል ብቻ ያን ያህል ወይም የበለጠ መምታት በመቶ 10 ይደርሳል። አምስቴ ከመታችሁ ግን ዕድሉ በመቶ ከ2 በታች ስለሚወርድ ልዩነቱን በእውነት ታውቁታላችሁ። ስድስቱን ዙር በአንድ ቀን አትጨርሱት፤ በየዙሩ ሁለት ሁለት ሴንቲሊትር እንኳ 36 ሴንቲሊትር ይሞላል።

ማቆየት

ይህ ቢራ ይቆያል፤ ሁልጊዜ ይሻሻላል ማለት ግን አይደለም። ከ10 እስከ 14 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ቦታ፣ ባለ ቆርኪው ጠርሙስ ቆሞ፣ ሲቀመጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መራራው ይለዝባል፣ የአልኮሉ ጠርዝ ይሞረዳል፣ ማርና ሼሪ ወይን የመሰለ ቃና ይገባል። ሼሪ የሚመስለው መልካሙ የኦክስጅን ሥራ ነው፤ እርጥብ ካርቶን የሚሸተው ደግሞ ክፉው። ሁለቱ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፣ ሙቀት ካርቶኑን ያፋጥነዋል። በመጨረሻ የታችኛው እርሾ ራሱን ማፍረስ ሲጀምር የሶያ ሶስና የሥጋ መረቅ ሽታ ይመጣል፣ አረፋውም ይሰንፋል።

መቼ እንደሚደርስ ከሰው መጠየቅ አያዋጣም፤ ቦታው፣ ጠርሙሱና ሙቀቱ ይለያያሉ። የአንድ ቀን ምርት የሆኑ ስድስት ጠርሙሶች አስቀምጡና በየዓመቱ በዚያው ወር አንዱን ክፈቱ፣ ማስታወሻውን ካለፈው ጎን ጻፉ። አረፋው ከዳንቴል ወደ ቀለበት የወረደበትና ሶያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሸተተበት ዓመት ሲመጣ የቀሩትን በዚያው ሰሞን ጠጡ።